ክፍል ሰባት፣ መስኮቱ አጠገብ

መጋቢት 28

ይድረስ ለጋሼ፤

ደብዳቤዎ የደረሰኝ የቢሮዎን መጋረጃ ለእጥበት ሳስወርድ ነው። «ቢሮዎ» አልኩ፤ አፌ ገና አልለመደም። ወንበሩ እንዴት ሆነልሽ ላሉኝ፣ ለእርስዎ ቁመት የተሠራ ስለሆነ እግሬ መሬት አይደርስም። ከሥሩ የድሮ የኤግዚቢሽን ካታሎጎች ደርድሬ እነሱን እረግጣለሁ። ይቅር ይበሉኝ፣ የእርስዎ ናቸው፤ ወፍራሞቹ እነሱ ሆነውብኝ ነው።

እርስዎስ እንዴት ነዎት? የሐይቁ ነፋስ ለጉልበትዎ አይበጅም ብዬ ነበር፤ ማን ሰምቶኝ! ሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ሙዚየም በትከሻዎ ተሸክመው ኖረው፣ ጡረታ በወጡ በሳምንቱ ዕቃዎን ጠቅልለው ከከተማ ሲወጡ የሚያሳድድዎ ያለ ይመስል ነበር። የመሸኛ ግብዣውን እንኳ ሳይጨርሱ ተነሡ። የጥበቃ ኃላፊው ያዘጋጀውን ንግግር ሳያነብ ቀርቶ እስካሁን በኪሱ ይዞት ይዞራል።

እኔ ደህና ነኝ። አሥራ አራት ዓመት ከሥዕል ሥር የሚለጠፍ ማብራሪያ ስጽፍና ግምጃ ቤት ውስጥ አቧራ ስቅም ኖሬ፣ አሁን «ክብርት ዳይሬክተር» ሲሉኝ ዘወር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አያለሁ። ግን ደስ ብሎኛል፤ ለእርስዎ አልደብቅም። ለዚህ ያበቁኝ እርስዎ ነዎት።

አንድ ትንሽ ነገር ልጠይቅዎት። ርክክቡን ስናደርግ ክፍል ሰባት በር ላይ ስንደርስ «ይህን እኔ ቆጥሬዋለሁ፤ ጉልበቴን አታድክሚው» ብለው አሳለፉኝ። እኔም አምኜ ፈረምኩ። አሁን የሰኔው ቆጠራ ከመድረሱ በፊት መዝገቡን ይዤ ብቻዬን እየዞርኩ ነው። ተቆጣጣሪዎቹ ከመምጣታቸው በፊት የማላውቀው ነገር እንዳይኖር ብዬ ነው። ቁጥር ስድስት መቶ አሥራ ሦስት ላይ ቆምኩ። «ሴት፣ ተቀምጣ። ክፍል ሰባት፣ መስኮቱ አጠገብ» ይላል። ከምን እንደተሠራች የሚገልጸው ቦታ በምላጭ ተፍቆ በላዩ «ልዩ ልዩ» ተብሏል። ጽሕፈቱ የእርስዎ ነው። መስኮቱ አጠገብ ግን ሥዕልም ሐውልትም የለም፤ ወንበሯ ላይ የተቀመጠችው አዲሷ ጠባቂ ብቻ ናት። የተመዘገበችውን ዕቃ የት አዛውረዋት ይሆን?

በእጅዎ ያደግሁት ልጅዎ

ሚያዝያ 9

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? ያ ራስ ምታትሽ ተወሽ? ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ካታሎጎቹን በመርገጥሽ አልተቀየምኩም። እኔም የቀደመኝን ዳይሬክተር መጻሕፍት የተንጋደደ ጠረጴዛ አስደግፌባቸው ነበር።

እኔ እንዳለሁ አለሁ። ጠዋት ጠዋት ከቤቴ እስከ ውኃው ዳር እሄዳለሁ። እዚህ ማንም አያውቀኝም፤ ዓሣ አጥማጆቹ «መምህር» ይሉኛል፣ እኔም ዝም ብያቸዋለሁ። ቅር የሚለኝ ምሽቱ ብቻ ነው፤ ለሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ ሰዓት በሮቹን በእጄ እየነካሁ እዘጋ ነበር።

የምሥራች ልንገርሽ። ማዘጋጃ ቤቱ ትልቁን አዳራሽ በስሜ ሊሰይመው ወስኗል። ሰሌዳው ከቆጠራው ማግስት ይሰቀላል። አልቅሼአለሁ ብልሽ አትሳቂብኝ። የአናጢ ልጅ ነኝ፤ አባቴ በዚያ አዳራሽ ወለል ላይ ጣውላ ሲመታ ነው የሞተው።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ስድስት መቶ አሥራ ሦስት አለች። የትም አላዛወርኳትም። ቆጠራው ላይ እንዲህ አድርጊ፦ ተቆጣጣሪዎቹን ወደ ክፍል ሰባት የምታስገቢያቸው ጠዋት ይሁን፤ ያኔ ብርሃኑ በመስኮቱ ፊት ለፊት ይመጣባቸዋል። ከበሩ አታሳልፊያቸው። ቁጥሩን አንብቢ፣ ወደ መስኮቱ በጣትሽ አመልክቺ፣ «አለ» ይላሉ፣ ትሄዳላችሁ። ወንበሩን ማንም እንዳያንቀሳቅሰው። ይኸው ነው። በዚህ መንገድ ሠላሳ አንድ ጊዜ ተቆጥሯል፣ አንድም ቀን አልጎደለም።

ልጄ፣ ብልህ ዳይሬክተር ሁሉን ነገር አያይም። ሁሉ ነገር በቦታው እንዳለ ማወቅ ይበቃዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ።

አባትሽ ነኝ፤ ባልወልድሽም

ሚያዝያ 21

ይድረስ ለጋሼ፤

ከደብዳቤዎ ቀጥላ በደረሰችኝ አጭር ወረቀት «ማንን ጠየቅሽ?» ብለው ጽፈዋል። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ! እሺ፣ ልንገርዎት፤ ሁሉንም ጠየቅሁ።

የጥበቃ ኃላፊውን፣ «ክፍል ሰባት የምትቀመጠው ልጅ ማን ናት?» አልኩት። «አዲሷን ነው? እሷ እኛ ጋ አይደለችም፣ ከጽዳት ናት» አለኝ። የጽዳት ኃላፊዋ ደግሞ «ኧረ የእኔ ብትሆን ኖሮ ቁጭ ብላ ትውል ነበር? ከዋናው መሥሪያ ቤት የላኳት ናት ሲሉ ሰምቻለሁ» አለች። የአስተዳደር ሹሙ የሠራተኞቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች በጣቱ ወርዶ አጣት። «ገና አዲስ ናት፣ ወረቀቷ መንገድ ላይ ይሆናል» አለና ፋይሉን ዘጋው። የለበሰችው ደንብ ልብስ እኮ ሁለት ጊዜ የተቀየረው የጥንቱ ሰማያዊ ነው። «መጋዘን ውስጥ የተረፈ ሰጥተዋት ይሆናላ!» ይላሉ።

ተመልሼ የጥበቃ ኃላፊውን መቼ እንደገባች ጠየቅሁት። «ቅርብ ጊዜ ነው» አለ። «ቅርብ ማለት?» አልኩት። አሰበ። «እኔ ስቀጠር አዲስ ነበረች» አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጠው፤ ከተቀጠረ ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ጋሼ፣ እኔም አስታወስኩ። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት በመጀመሪያ ቀኔ ግራ ገብቶኝ ስንከራተት አንዲት ልጅ የመታጠቢያ ቤቱን አቅጣጫ አሳይታኛለች። ከወንበሯ ሳትነሣ ነበር። «ተመስገን፣ ከእኔ የባሰች አዲስ አለች» ብዬ ተጽናንቼ ነበር። ያቺው ልጅ ናት። ያቺው ፊት ነው። እንዴት አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በፊቷ እየተመላለስኩ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም?

ሌላም አለ። የስድስት መቶ አሥራ ሦስትን የጉዳት መመዝገቢያ ካርድ አወጣሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየዓመቱ «ለውጥ የለም» ይላል። ባለፈው ሰኔ ግን ተቆጣጣሪዎቹ በራሳቸው እጅ እንዲህ ጽፈዋል፦ «በፊቷ ላይ እርጥበት ታይቷል። ጣሪያው ይመርመር።» ጣሪያውን አስመረመርኩ። ድርቅ ያለ ነው።

እርስዎ ጡረታ ልውጣ ብለው የጻፉት ባለፈው ሐምሌ መጀመሪያ ነበር፣ አይደል?

ልጅዎ

ግንቦት 2

ልጄ፤

ታምሜ ነበርና ዘገየሁ።

ከእሷ ጋር እንዳታወሪ። እስካሁን አላወራሽ እንደሆነ እባክሽን አታውሪ። በየጠዋቱ «ደህና አደርሽ» ብለሽ እለፊ፤ እኔም እንዲሁ ነበር የማደርገው። የእኛ ሥራ ምንድነው? የተረከብነውን ሳይለወጥ ማስረከብ ነው። ብርሃኑን እንቀንሳለን፣ እርጥበቱን እንለካለን፣ እጃችንን በጓንት እንሸፍናለን። እኔም የተረከብኩትን ጠብቄአለሁ። አንዲት ፀጉሯ አልሸበተም። እኔን እይኝ፣ እሷን እያት፤ ከሁለታችን የተጎዳው ማን ነው?

ያለፈው ሰኔ ነገር መጥፎ ቀን ነበር፤ ያልፋል። ዘንድሮ አታለቅስም። ቆጠራው እስኪያልቅ ታገሺኝ፣ አዳራሹ ይመረቅ፣ ከዚያ አብረን እንነጋገራለን።

በልጅነትሽ ያመጣሁሽ እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ማብራሪያሽን ሰባት ጊዜ ያስደገምኩሽ እኔ ነኝ። ውለታ መቁጠር ደስ አይለኝም፤ ዛሬ ግን እቆጥራለሁ።

አባትሽ

ግንቦት 11

ይድረስ ለጋሼ፤

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ካወራኋት በኋላ ነው። ቀድሞ ቢደርሰኝም አወራት ነበር።

ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ስሟን ጠየቅኳት፤ ደስ ብሏት ከነአባቷ ነገረችኝ። እዚህ ላይ አልጽፈውም፤ እርስዎ ያውቁት እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ሃያ አራት ዓመቴ «ነበር» አላለችም። ይርብሽ የለም ወይ ብላት «ቁርሴን በልቼ ነው የመጣሁት» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል አልሳቀችም።

ከክፍሉ ለምን እንደማትወጣ ጠየቅኳት። «ቦታዬ እዚህ ተብሎ ተመዝግቧላ!» አለች፣ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት የምትነግረኝ ያህል፣ እንደ ተራ ነገር። ተነሥታ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ የበሩ ደፍ ላይ ስትደርስ ግን እግሯ አይሻገርም። እጇን ይዤ ሳብኩ። ቀላል ልጅ ናት፣ ግን የሳብኩት ግድግዳውን ነበር።

አሥራ አራት ዓመት ያስተማሩኝን ሥራ ሠራሁ። ቢሮዬ ሄጄ የዕቃ ማዛወሪያ ቅጽ ሞላሁ። «ቁጥር 613፣ ከክፍል ሰባት ወደ ጓሮ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት።» ፈረምኩ፣ ማኅተም መታሁ። ጋሼ፣ ደፉን ተሻግራ ወጣች! ጓሮ ድረስ ሄድን። ዛፉን ነካችው፣ ጫማዋን አውልቃ ሣሩን ረገጠች፣ ሰማዩን አይታ «ዝናብ ሊመጣ ነው» አለች። ስለ እናቷ ልብስ ስፌት እየነገረችኝ ሳለ አምስት ሰዓት ሆነ። ቃሉን ሳትጨርስ አጠገቤ አልነበረችም። እየሮጥኩ ስመለስ ወንበሯ ላይ ናት፣ እግሯ ባዶ ነው፣ ያቋረጠችውን ዐረፍተ ነገር እየጨረሰች ነበር።

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የውሰት ውል ልጻፍልሽ፣ እናትሽ ዘንድ አንድ ወር ትቆያለሽ፣ ከዚያ እናድሰዋለን አልኳት። «እናቴ ዘንድ በውሰት አልሄድም» አለችኝ።

አፈርኩ። እስከ ዛሬ በሥራዬ እንደዚህ አፍሬ አላውቅም።

ነገርን ከሥሩ ይባላል። ምን አደረጉ? እናቷስ ልጄ የት ገባች ብላ ሳትመጣ አትቀርም፤ ምን አሏት?

ልጅዎ

ግንቦት 24

ልጄ፤

ስሟን አላውቀውም። አልጠየቅኳትም። መጀመሪያ የጠየቅሽኝ እሱን ስለሆነ መጀመሪያ መለስኩልሽ።

በተሾምኩ በአራተኛው ወር ነው። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር፤ ከተማው ሁሉ ልጅ ሾሙብን ይል ነበር። የመጀመሪያ ቆጠራዬ ዕለት ክፍል ሰባት ያምርልኝ ብዬ ዕቃውን በገዛ እጄ ሳስተካክል ስድስት መቶ አሥራ ሦስትን ጣልኳት። የሸክላ ሴት ነበረች፣ ተቀምጣ፣ እጆቿን ጭኖቿ ላይ አድርጋ። ዕድሜዋ የእኔን ሃያ እጥፍ ይሆናል። ወለሉ ላይ ስትደርስ ያሰማችው ድምፅ ትንሽ ነበር። ተቆጣጣሪዎቹ ደረጃውን እየወጡ ነበር።

ስብርባሪውን አፍሼ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩ። ቀና ስል ያቺ ልጅ በሩ ላይ ቆማለች። የመጀመሪያ ቀኗ ነበር፤ ስሟ ገና ዝርዝር ላይ አልሰፈረም። አይታኛለች። «ነይ እዚህ ተቀመጪ፤ ሰዎቹ እስኪሄዱ እንዳትንቀሳቀሺ» አልኳት። ለምን አላለችም፤ አዲስ ሠራተኛ ለምን አይልም። ሰዎቹን በሩ ላይ አቆምኳቸው። አነበብኩ። በጣቴ አመለከትኩ። ብርሃኑ ዓይናቸውን ወጋው፣ «አለ» ብለው ምልክት አደረጉ። ከዚያ ምሳ ጋበዝኳቸው፣ ሳቅን፣ ተጫወትን። ተነሺ ማለቱን ረሳሁት።

ይኸው ነው። ክፋት አልነበረም፤ መርሳት ነው። በማግስቱ ስመጣ እዚያው ናት። «ተነሺ» አልኳት፣ ተነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። «አልቻልኩም» አለችኝ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ያን ጊዜም አውቅ ነበር። «ሸክላዋን እኔ ሰብሬአታለሁ» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ዘንድሮ ስሜ ይጽና፣ ለከርሞ እጽፋለሁ አልኩ። ከርሞ የውጭ አገር ኤግዚቢሽን መጣ። ከዚያ ሽልማቱ መጣ። ዛሬ ነገ ስል ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላኝ።

እናቷ በሦስተኛው ቀን መጣች። ልብስ ሰፊ ነበረች፣ የመለኪያ ክሯ ከአንገቷ አልወረደም። «እንዲህ ያለች ሠራተኛ የለችንም» ብዬ ዝርዝሩን ከፍቼ አሳየኋት። እውነትም አልነበረችም። ለአምስት ዓመት በየወሩ ትኬት ቆርጣ ትገባ ነበር። በመጣች ቁጥር ክፍል ሰባት በር ላይ «ለእድሳት ተዘግቷል» የሚል ሰሌዳ አቆም ነበር። ከዚያ ቀረች። ልጅቷ ከበሩ ወዲያ የእናቷን ድምፅ ትሰማ እንደሆነ ጠይቄአት አላውቅም።

ባለፈው ሰኔ ቁጥሩን ሳነብ እንባዋ ወረደ። ተቆጣጣሪው በመነጽሩ አይቶ ጻፈ። እኔም አብሬ ወደ ጣሪያው ቀና አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ እዚያ ሕንፃ ውስጥ መተንፈስ አቃተኝ።

ጥፋቴን ነግሬሻለሁ። አሁን ደብዳቤውን አቃጥዪው።

ሰኔ 3

ይድረስ ለጋሼ፤

አላቃጠልኩትም።

ትሰማ ነበር። ጠየቅኳት። የእናቷን የጫማ ድምፅ እንኳ ትለየው ነበር። «ሰሌዳው ሲቆም እኔም እዘጋለሁ፤ አፌ አይከፈትም» አለችኝ።

ቆርቆሮው አለዎት? ጥለውታል ብዬ አላምንም። እርስዎ አውቶቡስ ትኬት እንኳ የማይጥሉ ሰው ነዎት።

ነገሩን ላስረዳዎት። ከመዝገብ መሰረዣው ቅጽ ላይ ያሉት ምክንያቶች ሦስት ናቸው፦ ጠፋ፣ ተሰበረ፣ ተሸጠ። አሁን አንዱን ብጽፍ የሚደርሰው በማን ላይ ነው? በሸክላዋ ላይ ነው ወይስ በልጅቷ? የማዛወሪያ ወረቀት በእግሯ የሚያስኬዳት ከሆነ «ተሰበረ» የሚለው ምን ያደርጋታል? ሦስት ቀን ብዕሩን አንሥቼ አስቀምጫለሁ። መውጫው አንድ ብቻ ነው። ስድስት መቶ አሥራ ሦስት እንደገና ሸክላዋ መሆን አለባት። ስብርባሪው ጠረጴዛው ላይ ይቀርባል፣ የሰበራት ሰው በፊርማው ይመሰክራል፣ ከዚያ «ተሰበረ» ስል የማወራው ስለ ሸክላ ይሆናል። ያለ እርስዎ እጅ አይሆንም።

ምን እንደምጠይቅዎት አውቃለሁ። አዳራሹ ይቀራል። ስምዎ ይነሣል፣ በመጥፎ። እኔም አልተርፍም፤ ርክክቡ ላይ ሳላይ «ተሟልቷል» ብዬ የፈረምኩት እኔው ነኝ። ለአሥራ አራት ዓመት የጓጓሁለትን ወንበር ሦስት ወር ተቀመጥሁበት። እንዳለቀስኩም ይወቁ፤ ጀግና አይደለሁም። «አለ» ብል እኮ እስከ ጡረታዬ በሰላም እኖራለሁ። ምሳ እጋብዛቸዋለሁ።

እናቷን አግኝቻለሁ። ከሙዚየሙ ሦስት መንገድ አልፎ፣ በዚያው በጥንቱ ቤት ናቸው። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ልብስ የማስጠግን መስዬ ገብቼ ወጣሁ። ስለ ልጃቸው አንድ ቃል አልተነፈስኩም፤ የማልችለውን ተስፋ ልሰጣቸው አልደፈርኩም።

ቆጠራው ሰኔ ሃያ አምስት ነው።

ሰኔ 17

ልጄ፤

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ቆርቆሮው ይደርስሻል። ጥቅሉን በራሴ እጅ አሰርኩት፤ ሁለተኛ እንዳይሰበር። ሞኝነቴን እይልኝ።

ሁለት ሳምንት ያልጻፍኩልሽ እምቢ ልልሽ ቃል እየፈለግሁ ነበር። ብዙ አገኘሁ። ልጅቷ እዚያ ምንም አልጎደለባትም፣ አንቺ ወጣት ነሽ፣ እኔ ልሞት ነው፣ ሙዚየሙ ይዋረዳል። ሁሉንም ጻፍኳቸው፤ አምስት ገጽ ሆነ። ሳነበው የመጀመሪያውን ቀን ምሳ ግብዣ ላይ ያወራሁትን ወሬ መሰለኝ። ያ ሰው ነኝ፤ አልተለወጥኩም።

የምስክርነቱ ወረቀት ይኸውልሽ፦

«እኔ፣ የቀድሞው የሙዚየሙ ዳይሬክተር፣ ቁጥር 613 የሆነችውን የሸክላ ቅርጽ በራሴ እጅ ጥዬ ሰብሬአለሁ። ጉዳቱን ለመደበቅ አንዲት በዕለቱ ሥራ የጀመረች ሠራተኛ በቦታዋ አስቀምጬ አስቆጥሬአለሁ። ለእናቷም ልጅዎን አላውቃትም ብያለሁ። አሁን ሥራ ላይ ያለችው ዳይሬክተር ይህን አታውቅም ነበር።»

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ያድንሽ እንደሆነ ብዬ ነው። ለማዘጋጃ ቤቱም ሰሌዳውን እንዲተዉት ጽፌአለሁ። ያን ወረቀት ፖስታ ውስጥ ስከት ታመምኩ፤ ከዚያ ግን እንቅልፍ ወሰደኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ስትወጣ ስለ እኔ ምን እንዳለች ጻፊልኝ። ብትረግመኝም ጻፊው።

ሐምሌ 2

ይድረስ ለጋሼ፤

ምንም አላለችም። ለምኜአታለሁ፤ ቆርቆሮውን የላከው እዚህ ያስቀመጠሽ ሰው ነው፣ ምን ልበልልሽ ብዬ ጠይቄአታለሁ። ትንሽ አሰበችና «እሱ ማን ነበር?» አለችኝ። ስሟን እንዳልጠየቋት ሁሉ ስምዎንም አልነገሯት ኖሯል። ይቅር ይበሉኝ፤ ብትረግመኝም ጻፊው ስላሉ ነው የጻፍኩት።

ቆጠራውን ልንገርዎት። ክፍል ሰባትን ለከሰዓት አስቀረሁትና መብራቱን ሁሉ አበራሁ። ሦስቱንም ተቆጣጣሪዎች ከበሩ አሳልፌ መሐል ክፍሉ ድረስ አስገባኋቸው። ቁጥሩን አነበብኩ። «የለም። ተሰብሯል» አልኩና ቆርቆሮውን ከፍቼ የእርስዎን ወረቀት አጠገቡ አስቀመጥሁ። ከመካከላቸው ያ መነጽር የሚያደርገው ሰው ስብርባሪውን አየ፣ ወረቀቱን አነበበ፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረ። «ታዲያ ይቺ ልጅ ማን ናት?» አለ።

ተነሣችና ስሟን ከነአባቷ ተናገረች። ጮክ ብላ፣ ትምህርት ቤት ስሟ እንደተጠራ ልጅ።

እኔን ከዚያው ቀን ጀምሮ አግደውኛል። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገርዎ አላዳነኝም፤ ሳላይ ፈርሜአለሁና ልክ ናቸው። ቁልፎቹን ለአስተዳደር ሹሙ አስረከብሁ። እሱም ሊያጽናናኝ ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ «ድሮም ወንበሩ ለእርስዎ አጭር ነበር» ብሎ ቀለደ፤ እግሬ ሥር የደረደርኳቸውን ካታሎጎች አላየም።

ልጅቷ ግን ያለ ወረቀት፣ ያለ ማኅተም፣ ደፉን ተሻግራ ወጣች። ዋናው በር ላይ ስትደርስ ክንዴን ያዘችኝ። መንገዱ ጠፍቷት አይደለም፤ ሦስቱንም መታጠፊያ ታውቃቸዋለች። መኪናው በዛባት። እየሄድን ራባት። ከመንገድ ዳር ዳቦ ገዛሁላትና ቆማ በላችው፣ ሁለተኛም በላች። እናትሽ አርጅተዋል አልኳት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ብዙ ነው አልኳት። «አውቃለሁ» አለች። የሚያውቅ ሰው ግን እንደዚያ አይፈጥንም፤ መጨረሻው ላይ ትሮጥ ነበር።

በሩን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው፣ በከዘራ ተደግፈው። «እማዬ» ልትል አፏ ሲከፈት አይቻለሁ። አሮጊቷ ቀደሟት። ከዘራውን ለቀው ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙት፣ ወደ ብርሃኑ አዞሩት፣ ጆሮዋን አዩ፣ ግንባሯን አዩ።

«አንቺ የልጄ ልጅ ነሽ» አሉ። «ቁርጥ እሷን! እሷን! ወልዳለች ለካ! በሕይወት ኖራ ወልዳለች!»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። ጋሼ፣ በሕይወቴ ለስንት ሥዕል ቃል አግኝቻለሁ። ለዚያ ፊት አንድ ቃል አጣሁ። እሷ መልሳ እናቷን አየች፤ ያን ሽበት፣ በፊቷ ላይ የሚንቀጠቀጡትን ጣቶች አየች። ደስታቸውንም አየች፣ ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። ብትናገር ምን እንደምትወስድባቸው የገባት መሰለኝ።

«አዎ እማማ» አለች።

«እናትሽስ? የት አለች?»

«ትመጣለች።»

አሮጊቷ ከዘራቸውን እስካነሣላቸው አልጠበቁም። የልጅቷን እጅ ይዘው ወደ ውስጥ እየመሯት፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብቄአታለሁ፤ ጥቂት ብጨምር ምን አለበት!» ሲሉ ሰማኋቸው። ከዚያ በሩ ተዘጋ።